9 ቁጥር ታንግስተን ወይስ 5 ቁጥር እርሳስ? ለተርኪ አደን የቱን ልግዛ

ከቨርጂኒያ አንድ አንባቢ የላከው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ የአደን ፈቃድ ያወጣሁት አምና ነው። ያገለገለ ባለ 12 ጌጅ ሾትገን ገዝቻለሁ፤ 3 ኢንች ጥይት የሚጎርስ ነው። ጠባብ የተርኪ ቾክም አብሮ ሰጡኝ። የሥራ ባልደረባዬ ‹ዕድሜ ልኬን በእርሳስ ነው ያደንኩት፣ ገንዘብህን አታባክን› ይለኛል። የሱቁ ሰው ደግሞ ‹ታንግስተን ካልያዝክ አትውጣ፣ በ70 ያርድ ይጥልልሃል› አለኝ። ዋጋው ግን አራት አምስት እጥፍ ነው። ፍሬዎቹን ሳያቸው ደግሞ የጎመን ዘር ነው የሚያክሉት። ይሄ እንዴት አድርጎ 20 ፓውንድ የሚመዝን ወፍ ይገድላል? ባለቤቴ በበኩሏ ‹ሁለት ትንንሽ ልጆች እያሉን እርሳስ የገባበት ሥጋ ቤቴ አይገባም› ብላለች። እኔ ግን ፍሬውን ለቅመን እናወጣዋለን፣ ደግሞም ይበስላል አልኳት። ማናችን ነን ትክክል?»

ባለቤትህ ትክክል ናት። የሱቁ ሰው ስለ ጥይቱ እውነቱን ነው፤ ስለ ርቀቱ ግን አሳስቶሃል። ባልደረባህም አልዋሸህም። እርሳስ ከመቶ ዓመት በላይ ተርኪ ሲጥል ኖሯል፣ ዛሬም ይጥላል። «ይበስላል» ያልከው ግን ስህተት ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ፍሬዎቹን እንይ። ግራ መጋባቱ ሁሉ የሚጀምረው ከእነሱ ነው።

የሾትገን ጥይት በውስጡ ብዙ ትንንሽ ድቡልቡል ፍሬዎች ይይዛል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ፍሬው ያንሳል። 5 ቁጥር ፍሬ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። 9 ቁጥር ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጎመን ዘር ማለትህ ልክ ነው። ዓይን የሚያየው ግን መጠኑን እንጂ ክብደቱን አይደለም። በየጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ አስብ። ከብረት ቢሠራ 8 ግራም አይሞላም። ከቢስሙዝ 9 ግራም ተኩል ገደማ፣ ከእርሳስ 11 ግራም ገደማ ይመዝናል። አዳኞች «ቲኤስኤስ» ከሚሉት የታንግስተን ፍሬ ከተሠራ ግን 18 ግራም ነው። ታንግስተን የድሮው አምፖል ውስጥ እየጋለ የሚያበራው ክር የሚሠራበት ማዕድን ነው። የሚቀልጠው ከ3,400 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ስለሆነ እንደ እርሳስ አቅልጦ ማንጠባጠብ አይቻልም። ዱቄቱ ከትንሽ ኒኬልና ብረት ጋር ተደባልቆ ይጨመቃል፣ ከዚያ በከፍተኛ ሙቀት እርስ በርሱ እንዲጣበቅ ይደረጋል። የዋጋው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

አሁን ሁለቱን ፍሬዎች ጎን ለጎን አድርጋቸው። አንዱ የ9 ቁጥር ታንግስተን ፍሬ የአንዱን የ5 ቁጥር እርሳስ ግማሽ ያህል ይመዝናል። ይሄ ብቻ ቢሆን ደካማ ነው ባልን ነበር። ግን ወደ ሥጋው የሚገባበት ፊቱ ከእርሳሱ ከግማሽ ያነሰ ነው። ስለዚህ ያንን ግማሽ ክብደት በጠባብ ቀዳዳ ላይ ያሳርፈዋል። ወስፌ ስፌቱን የሚበሳው ጫፉ ሹል ስለሆነ ነው እንጂ ከጣትህ ስለሚከብድ አይደለም። ሒሳቡን ራስህ መሥራት ትችላለህ፤ የማዕድኑን ክብደት በፍሬው ውፍረት አባዛው። ለ9 ቁጥር ታንግስተን 18 በ2 ብትል 36 ይመጣል። ለ5 ቁጥር እርሳስ 11 በ3 ብትል 33 ነው። ዘልቆ በመግባት እኩያሞች ናቸው፤ እንዲያውም ታንግስተኑ ትንሽ ይበልጣል። አየሩም በቶሎ አያደክመውም።

የሚገርመው ግን ብዛቱ ነው። በአንድ አውንስ 5 ቁጥር እርሳስ ውስጥ 170 ገደማ ፍሬ አለ። በአንድ አውንስ 9 ቁጥር ታንግስተን ውስጥ 360 ገደማ አለ። ዘልቆ የመግባት አቅሙ ያው ሆኖ፣ ፍሬው ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ተርኪ ደግሞ የሚሞተው በብዛት ነው። ደረቱ ላይ ያለው ላባና ጡንቻ ወፍራም ነው፤ እዚያ የተመታ አውራ ተርኪ ተነስቶ በሮ ጫካ ገብቶ ይሞታል፣ አንተም አታገኘውም። የሚጣለው ጭንቅላቱና አንገቱ ሲመታ፣ አንጎሉን ወይም አከርካሪውን የነኩ ጥቂት ፍሬዎች ሲኖሩ ነው። ያ ቦታ ከአውራ ጣትህ ብዙም አይሰፋም። እንዲህ ያለውን ጠባብ ቦታ ለመምታት በዙሪያው ብዙ ፍሬ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው የድሮ አዳኞች በ40 ያርድ ላይ፣ 10 ኢንች ስፋት ባለው ክብ ውስጥ 100 ፍሬ ይግባ የሚል መለኪያ ያወጡት። 10 ኢንች የእራት ሳህን ያህላል።

ይሄ ምን ያህል ነገሩን እንደለወጠው በአንድ ምሳሌ ልንገርህ። አሥራ ሁለት ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው) ውስጥ የሚገባ፣ 1¾ አውንስ 5 ቁጥር እርሳስ የያዘ ጥይት 300 ገደማ ፍሬ አለው። ትንሿ .410፣ ብዙ ሰው የልጅ ጠመንጃ የሚላት፣ 13/16 አውንስ 9 ቁጥር ታንግስተን ብትጎርስ እሷም 290 ገደማ ፍሬ ትተፋለች። የድሮው ትልቅ ጠመንጃ ሥራ በቀጭኗ አፈሙዝ ተሠራ ማለት ነው። ትከሻህ ላይ ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። በተርኪ አደን ዛፍ ተደግፈህ ቁጭ ብለህ ነው የምትተኩሰው፤ ሰውነትህ ወደኋላ መሄጃ የለውም። በ3½ ኢንች ከባድ የእርሳስ ጥይት ጉንጩን ተመትቶ፣ ከዚያ በኋላ ቃታ በሳበ ቁጥር ዓይኑን የሚጨፍን ጀማሪ ብዙ አይቻለሁ። ዓይኑን የጨፈነ ሰው ምን ዓይነት ጥይት ቢይዝ ይስታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስምርበት። 9 ቁጥር የሚሠራው ታንግስተን ሲሆን ብቻ ነው። «9 ቁጥር ተርኪ ይጥላል» የሚል ወሬ ሰምቶ፣ ርካሹን የ9 ቁጥር እርሳስ የሸክላ ኢላማ ጥይት ይዞ የወጣ የአደን ተማሪ ነበረኝ። በ30 ያርድ ተኮሰ። ወፉ ራሱን ነቅንቆ ሮጠ። ደም ነበር፣ ላባ ነበር፣ ወፉ ግን አልተገኘም። ተማሪው እስከ ቀትር ሲፈልግ ውሎ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። ካርቶኑ ላይ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ፍሬው ከምን እንደተሠራም አንብብ።

ወደ 70 ያርዱ ልሂድ። ታንግስተን በ70 ያርድ ላይ ተርኪ ሊገድል የሚችል ጉልበት ይኖረው ይሆናል፤ ክርክሩ ግን እሱ አይደለም። ፍሬዎቹ እየሄዱ እየተበተኑ ነው። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ሳህኑ ውስጥ የሚገባው ፍሬ ይቀንሳል፣ ዳር ዳሩ ላይ አቁሳሎ የሚሸኝ ፍሬ ይበዛል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሰው በጫካ ውስጥ ርቀት መገመት አይችልም። ተማሪዎቼ 40 ያርድ ነው ያሉኝን ዛፍ በመሣሪያ ስንለካው 55 ሲሆን በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ወፉ ደግሞ አይቆምም፤ አንገቱን ያወጣል፣ ያስገባል፣ ይዞራል። በእርሳስ 40 ያርድ የመጨረሻህ ነው። በታንግስተን፣ በወረቀት ላይ ያረጋገጠ የተለማመደ ሰው 50 ያርድ ይደርሳል። ለአንተ ግን፣ ገና ሁለተኛ ዓመትህ ስለሆነ፣ በታንግስተንም ቢሆን 40 ያርድ ነው። ትርፉን ጉልበት ወፉ እንዳይሰቃይ ተጠቀምበት።

ፍጥነቱም የተለየ አይደለም። ብዙ ሰው ታንግስተን የሚገድለው «ፈጣን» ስለሆነ ይመስለዋል። አብዛኞቹ የታንግስተን የተርኪ ጥይቶች በሰከንድ 1,100 ወይም 1,200 ጫማ አካባቢ ነው የሚወጡት፤ ከእርሳሱ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። የሚለየው ፍጥነቱን በመንገድ ላይ አለማጣቱ ነው። ይሄ ደግሞ ሌላ ኃላፊነት ያመጣል። የ5 ቁጥር እርሳስ ፍሬ ወደ ላይ ዘንበል ተደርጎ ቢተኮስ 260 ያርድ ገደማ ሄዶ ይወድቃል። የ9 ቁጥር ታንግስተንም ቢያንስ ያንን ያህል እንደሚሄድ ቁጠር። የጎመን ዘር ስለሚያክል ብቻ ቅርብ ይወድቃል ብለህ አትዘናጋ። ከወፉ ኋላ ምን እንዳለ ሳታይ ቃታ አትሳብ። ድንጋይ ወይም የቀዘቀዘ መሬት ሲነካም እንደ እርሳስ አይጨፈለቅም፤ ነጥሮ ይመለሳል። በምትለማመድበት ጊዜ የዓይን መከላከያ አድርግ፣ ብረት ላይ አትተኩስ።

አሁን ስለ ጠመንጃህ። ጥያቄህ ውስጥ ብዙ ያሳሰበኝ አብሮ የመጣው ቾክ ነው። ቾክ አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚታሰር ማጥበቢያ ነው። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ በጠባብ ቦታ ሲያልፍ ትንሽ ይሸበሸባል እንጂ አፈሙዙን አይጎዳም። ታንግስተን ከአፈሙዝህ ብረት ይልቅ ይጠነክራል። አፈሙዙን ከመቧጨር የሚጠብቀው ፍሬውን ያቀፈው ወፍራም የፕላስቲክ ጽዋ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእርሳስ ብቻ ተብሎ በተሠራ በጣም ጠባብ ቾክ ታንግስተን መተኮስ ቾኩን ሊያሳብጠው ወይም ሊሰነጥቀው ይችላል። ባይሰነጠቅ እንኳ፣ ከመጠን በላይ ሲጠብ ፍሬዎቹ ስለሚጋፉ ስርጭቱ ይበላሻል። ቾኩን ፍታውና ጎኑ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ለእርሳስ ብቻ የሚል ከሆነ፣ ወይም ጽሑፉ ተፍቆ የማይነበብ ከሆነ፣ ተወው። ለታንግስተን ወይም ለከባድ እርሳስ-አልባ ጥይት ይሆናል ተብሎ በግልጽ የተጻፈበትን ግዛ። ጠመንጃህ ቾኩ የማይፈታ፣ የአያት ዘመን አፈሙዝ ያለው ቢሆን ኖሮ ታንግስተንን እርሳው እልህ ነበር።

ጥይትህን ቤት ውስጥ ራስህ የምትሞላ ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ለእርሳስ የወጣውን የባሩድ ልክ ይዘህ፣ በእርሳሱ ቦታ ታንግስተን አትሙላ። ያው ስፍር ታንግስተን ከእርሳሱ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይከብዳል። ግፊቱ ሽቅብ ይወጣና አፈሙዙ ፊትህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ወደ ድስቱ እንምጣ። «ይበስላል» ብለሃታል። ወንድሜ፣ እርሳስ አይበስልም። በእሳት የሚሞት ጀርም አይደለም፤ ማዕድን ነው። የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ሲሆን፣ ወጥህ የሚንተከተከው በ100 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቀኑን ሙሉ ብታበስለው እዚያው ነው።

«ለቅመን እናወጣዋለን» ያልከውም በግማሽ ብቻ ነው የሚሠራው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በእርሳስ የጣልኩትን አንድ ተርኪ ጓሮ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ብልት ሳወጣ፣ ደረቱ ላይ የሰናፍጭ ዘር የምታክል ጥቁር ነጥብ አየሁ። በወረንጦ ስስበው ቀጭን የላባ ክር ተከትሎ ወጣ። ፍሬው ሲገባ ላባውን ይዞት ይገባል። ክሩ ጫፍ ላይ ፍሬው ነበር፤ ግን ድቡልቡል አልነበረም። አጥንት ነክቶ እንደ ምስር ክክ ጠፍጥፏል፣ አንድ ጎኑም ጎድሏል። የጎደለው የት ሄደ? ሥጋው ውስጥ ነው። ዓይን አያየውም፣ ጣትም አያገኘውም። ጭንቅላት ላይ ነው ያነጣጠርኩት ብትልም፣ በ30 ያርድ ላይ ዳር ዳሩን የሚሄዱት ፍሬዎች ክንፉንና ደረቱን ያገኙታል።

እኛ ቤት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፉ የአደን መመሪያዎች ውስጥ የማታገኘው። ዶሮ በሎሚና በጨው እንዘፈዝፋለን። ተርኪም ሲመጣ እንደ ዶሮው ነው የምናደርገው፤ እንዲያውም የጫካ ወፍ ነው ብለን ሎሚውን እናበዛለን፣ አንዳንዴም ሌሊቱን እናሳድረዋለን። እርሳስን ከሚያሟሙ ነገሮች አንዱ አሲድ ነው። በእርሳስ የተመቱ ወፎችን በኮምጣጤ አብስለው የመረመሩ ተመራማሪዎች፣ አሲድ ሲኖር ከፍሬው ወደ ሥጋው የሚያልፈው እርሳስ በግልጽ እንደሚጨምር አይተዋል። ሎሚም አሲድ ነው። ባለቤትህ ይህን ሳታውቅ ነው የተቃወመችው፤ ብታውቅ ኖሮ ክርክሩ ገና ሳይጀመር ያልቅ ነበር።

ሰው አላስፈራ። አንድ ጎልማሳ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ በእርሳስ የተመታ ተርኪ በልቶ ወዲያው አይታመምም። ለልጆች ግን መስፈሪያው ሌላ ነው። የሕፃን ሰውነት ከሚውጠው እርሳስ ውስጥ የሚያስቀረው ከአዋቂው በጣም ይበልጣል፤ የሚጎዳውም ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎሉን ነው። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል ለልጆች ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን በደም ውስጥ አልተገኘም ይላል። ክትትል የሚጀመርበትን ልክም በ2021 ከ5 ወደ 3.5 ማይክሮ ግራም በዴሲ ሊትር ዝቅ አድርጎታል። ነፍሰ ጡር ሴትም እንደዚሁ መጠንቀቅ አለባት። ስለዚህ ልጆችህ ከሚበሉት ድስት ውስጥ እርሳስ አይግባ። በዚህ አልደራደርም።

መዳብ የተቀባ እርሳስ ካርቶኑ ላይ ስታይ «ይሄ እርሳስ አይደለም» እንዳትል። መዳቡ እንደ ቀለም ስስ ነው፤ ውስጡ ያው እርሳስ ነው። ፍሬው በአፈሙዝ ሲያልፍ እንዳይበላሽ ነው እንጂ ለጤና ተብሎ አልተቀባም።

ታንግስተንም ቢሆን አይበላም። ለጥርስ ከእርሳስ የከፋ ነው። እርሳስ ብትነክሰው ይጨፈለቃል፤ ታንግስተን ብትነክሰው የሚሰበረው ጥርስህ ነው። ሥጋውን ስታዘጋጅ ጥሬውን በጣትህ ዳብሰው፣ ጥቁር ነጥብና የላባ ክር ባየህበት ሁሉ ቆርጠህ አውጣ። ልጆች ሲበሉ ሥጋውን ዘልዝለህ ስጣቸው።

ስለ ሕጉ አጭር ነው። በአሜሪካ ለዳክዬና ለመሰል የውሃ ወፎች እርሳስ ከ1991 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ክልክል ነው። ካሊፎርኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ለማንኛውም የዱር እንስሳ አደን እርሳስ ከልክላለች፤ ተርኪም ይጨምራል። በሌሎች ግዛቶች ለተርኪ እርሳስ በአብዛኛው ተፈቅዷል፤ ግን አንዳንድ የፌዴራል የዱር እንስሳት መጠለያዎች በራሳቸው ይከለክላሉ። የፍሬ ቁጥርና የጌጅ ገደብም ከግዛት ግዛት ይለያያል። የአንተን ግዛትና የምታድንበትን መሬት የዘንድሮ መመሪያ አንብብ፤ የአምናውን አትመን። ከሕጉ ባሻገር የወፎቹ ነገር አለ። ወፎች ምግብ እንዲፈጭላቸው ጠጠር ይውጣሉ፤ መሬት ላይ የቀረውን የእርሳስ ፍሬም ጠጠር መስሏቸው ይለቅሙታል። ቆስሎ አምልጦ የሞተውን ደግሞ ንስር ይበላዋል። በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት በ38 ግዛቶች ከመረመራቸው ንስሮች ግማሽ በሚጠጉት ላይ የቆየ የእርሳስ መመረዝ አግኝቷል። ከዚያ አብዛኛው የሚመጣው ከትልልቅ እንስሳት አደን ጥይት ስብርባሪ ስለሆነ ሁሉንም በተርኪ አዳኝ ላይ መጫን አይገባም። እኔ ግን ጫካው ውስጥ የምተወውን ነገር አስባለሁ።

ታንግስተን ካልተቻለ ሌላ ምርጫ አለ? አለ፤ ግን ሁሉም እርሳስ-አልባ ጥይት አንድ አይደለም። ካርቶኑ «እርሳስ የለውም» ቢልም ውስጡ ተራ ብረት ሊሆን ይችላል። ብረት ቀላል ነው፣ በመንገድ ላይ ይደክማል። ትልቅ ፍሬ ይዘህ ከ30 ያርድ ባነሰ ርቀት ካልሆነ ለተርኪ አልመክረውም። ቢስሙዝ ይሻላል። ከእርሳስ ትንሽ ቢቀልም ለስላሳ ነው፣ ለአሮጌ አፈሙዝም ይስማማል፤ ዋጋው ከታንግስተን በታች ነው። በ4 ወይም በ5 ቁጥር ቢስሙዝ በ30፣ ቢበዛ በ35 ያርድ ጥሩ ሥራ ይሠራል። በመሃል ላይ 12 ወይም 15 ግራም የሚመዝኑ ሌሎች የታንግስተን ቅይጦችም አሉ። እነሱን ስትገዛ 9 ቁጥር አትፈልግ፤ ማዕድኑ በቀለለ መጠን ፍሬው መተለቅ አለበት፤ 6 ወይም 7 ቁጥር ይሁን።

ዋጋው አስደንግጦሃል፣ አልፈርድብህም። አንድ የቲኤስኤስ ጥይት ብዙ ጊዜ 10 ዶላርና ከዚያ በላይ ነው፤ ጥሩ የእርሳስ የተርኪ ጥይት በ2 ወይም በ3 ዶላር ይገኛል። በቅርቡ ይረክሳል ብለህም አትጠብቅ። አብዛኛውን የዓለም ታንግስተን የምታመርተው ቻይና ናት፤ በፌብሩዋሪ 2025 ወደ ውጭ በሚወጣው ላይ ቁጥጥር ጥላለች። ቢስሙዝም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነበር። ግን ተርኪ እንደ ዳክዬ አይደለም፤ በቀን ሃያ ጊዜ አትተኩስም። በቨርጂኒያ በአንድ የፈቃድ ዓመት የሚፈቀድልህ 3 ተርኪ ብቻ ነው። ለሦስቱ ሦስት ጥይት፣ ወረቀት ላይ ለመሞከር ደግሞ ሦስት፤ ስድስት ጥይት ማለት ነው። ከእርሳሱ ጋር ያለው ልዩነት 50 ዶላር ገደማ ነው። ለነዳጅና ለፈቃድ ካወጣኸው ጋር ስታስተያየው ብዙ አይደለም።

ስለዚህ የምልህ ይሄ ነው። በ3 ኢንች ጥይት፣ 9 ቁጥር ቲኤስኤስ ግዛ። አሥራ ሁለት ጌጅ ውስጥ 1½ ወይም 1¾ አውንስ ከበቂ በላይ ነው፤ 3½ ኢንች አያስፈልግህም፣ ጠመንጃህም አይጎርሰውም። የእርሳሱን ጥይት አትጣል፤ ለልምምድ ተጠቀምበት። ቀላሉን፣ ርካሹን የሸክላ ኢላማ ጥይት በ20 ያርድ ተኩስ፣ ሰደፉን ከጉንጭህ ጋር አስማማ፣ ቃታውን ሳትደነግጥ መሳብ ተለማመድ። ከተኩስ ሜዳ ስትመለስ እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ ልጆቹን ከማቀፍህ በፊት ልብስህን ቀይር።

ከዚያ ሦስቱን ውድ ጥይቶች በትልቅ ወረቀት ላይ ሞክር። የመጀመሪያውን በ15 ያርድ ተኩስ፤ ይሄን የምልህ እንድትደነግጥ ነው። ቀዳዳው ቡጢ አይሞላም። በቅርብ የሚመጣ ተርኪ የሚሳተው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰው ሾትገን ስለያዘ ፍሬው ሰፍቶ ያገኝልኛል ብሎ ሳያልም ይተኩሳል። አንድ ጥይት ብቻ እንደሚተፋ ጠመንጃ (ራይፍል) አልም፤ ላባው አልቆ ባዶው አንገት የሚጀምርበትን ቦታ። ሁለተኛውን በ30፣ ሦስተኛውን በ40 ያርድ ተኩስ። ጥቅጥቅ ብሎ ባረፈበት ላይ 10 ኢንች ክብ ሥራ፣ ቀዳዳዎቹን ቁጠር። ከ100 በላይ ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ፤ ታንግስተን ከሆነ ብዙ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ነው። የክቡ መሃል ካነጣጠርክበት ነጥብ ከራቀ ችግሩ ጥይቱ አይደለም፤ ማነጣጠሪያህ መስተካከል አለበት። በ40 ያርድ 100 ካልሞላ ወደ 35 ቅረብና በሌላ ጥይት ድገም። 100 የሞላበት ርቀት የዘንድሮ የመጨረሻ ርቀትህ ነው። ማርከር አንሳና ቁጥሩን የጥይት ካርቶኑ ላይ ጻፈው። ዛፍህን ተደግፈህ ስትቀመጥም ያንን ያህል ያርድ ለካና የምታውቀውን ግንድ ምልክት አድርግ። ወፉ ግንዱን አልፎ ወደ አንተ ካልመጣ ጠመንጃው ጉልበትህ ላይ ይቆይ።